የቢሾፍቱን ድንጋይ ዕድሜ ለመለካት ሬድ አሹን እለፉት

ከዱከም እስከ ቢሾፍቱ የተቆረሱት ኮረብቶች ውስጣቸው ቀይ ነው። ገልባጭ መኪና የሚጭነው ይህ ሬድ አሽ በእጅ ስለሚለቀም ናሙና ሰብሳቢን ያማልላል። ለዕድሜ ልኬት ግን አይሆንም፤ ዕድሜው የሚሰላው በድንጋዩ ውስጥ ካለው ፖታሲየም ስንቱ ወደ አርጎን ጋዝ እንደተለወጠ በመለካት ነው። ከእሳተ ገሞራው አፍ ተፈናጥሮ በቅጽበት ስለቀዘቀዘ ብዙው አካሉ መስታወት ነው፤ መስታወት ደግሞ ፖታሲየምንም አርጎንንም አጥብቆ አይዝም። ቀዳዳዎቹም ውሃ ያስገባሉ።

የሚፈለገው ከኮረብታው ሥር የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ ነው፤ እሱም ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው መሀሉ። ቅርፊቱን በትልቅ መዶሻ ገፍፋችሁ ያልተበላሸውን ግራጫ አካል 2 ወይም 3 ኪሎ ያዙ። በአጉሊ መነጽር ስታዩት ቀዳዳዎቹ ነጭ ነገር ከሞላቸው ወይም ኦሊቪን የተባለው አረንጓዴ ማዕድን ዳር ዳሩን ከዛገ ተዉት። የትኛው ፍሰት በየትኛው ላይ እንደተኛም መዝግቡ፤ የላይኛው ከታችኛው አርጅቶ ከተገኘ አንዱ ልኬት ተሳስቷል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አርጎኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው። ወደ አርጎን የሚለወጠው የፖታሲየም ዓይነት፣ ፖታሲየም 40፣ ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። በ100 ሺህ ዓመት ውስጥ ከ200 ሺህ አቶሞቹ ወደ አርጎን የሚለወጠው አንድ ገደማ ብቻ ነው። ከአየር የገባው አርጎን በቀላሉ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ከፖታሲየም የማይገኘው የአየር አርጎን ዓይነት፣ አርጎን 36፣ አብሮ ተለክቶ የአየሩ ድርሻ ይቀነሳል።

ድንጋዩ ተፈጭቶ ብዙ ጊዜ ከ0.18 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ባለው ወንፊት ይለያል። ከባዛልቱ ትልልቆቹ የኦሊቪን ክሪስታሎች አንድ በአንድ ይለቀሙና ይጣላሉ። የቢሾፍቱ ባዛልት ከመሬት ቅርፊት በታች ካለው ማንትል አረንጓዴ የድንጋይ ቁራጮችን ይዞ ይወጣል፤ ከጥልቁ የመጣ አርጎን ካለባቸው ዕድሜውን ያስረጁታል። በየረር ተራራ ትራካይት (ከባዛልት ይልቅ ሲሊካ በበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚለቀመውና የሚለካው በፖታሲየም የበለጸገው ፌልድስፓር የተባለ ማዕድን ነው።

ለኬሚስትሪው ሌላ ቁራጭ አስቀሩ። በተንግስተን ካርባይድ ወፍጮ ከተፈጨ ኮባልትና ታንታለም ይጨመርበታል፤ አጌት ከተባለ ጠንካራ ድንጋይ የተሠራ ወፍጮ ይሻላል። የሲሊካው መጠን ከ52 በመቶ በታች ከሆነ ባዛልት፣ ከ60 በላይ ሆኖ ሶዲየምና ፖታሲየሙ ከበዛ ትራካይት ልትሉት ትችላላችሁ። ትራካይቱ ከባዛልት ክሪስታል እየወጣለት የተገኘ ነው ወይስ የመሬት ቅርፊት አቅልጦ የቀላቀለ? ይህን የሚለየው የስትሮንሺየም ሁለት ዓይነት አቶሞች፣ የ87 እና የ86፣ ጥምርታ ነው። ክሪስታል ቢወጣ ጥምርታው አይነቃነቅም፤ ያረጀ ቅርፊት ሲገባበት ግን ከፍ ይላል። የከርሰ ምድር ውሃ ያስቀመጠው ካልሳይት የተባለ ማዕድንም የራሱን ስትሮንሺየም ስለሚጨምርበት ዱቄቱን አስቀድማችሁ በቀጭን አሲድ እጠቡት።