በኪሮሽ የተሠራ የቁልፍ ማንጠልጠያ፦ እንዳይለጠጥና እንዳይበጠስ

አሁን የያዝኩት ሥራ በጣም ትንሽ ነው፤ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት በእጅ አንጓ ላይ የሚጠለቅ ማሰሪያ። ነገር ግን ከዚህ በፊት ከሠራኋቸው የዳንቴል ሥራዎች ሁሉ በላይ ያሰበኝ እሱ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተነጠፈን ዳንቴል ማንም አይጎትተውም። ማሰሪያው ግን ቀኑን ሙሉ ይጎተታል፣ ከብረት ጋር ይፋተጋል፣ በላብ ይርሳል፣ ቦርሳ ውስጥ ከሳንቲምና ከእስክሪብቶ ጋር ይታሻል። እስካሁን የደረስኩበትን እዚህ አሰፍራለሁ፤ ተመሳሳይ ነገር ለመሥራት ያሰባችሁ የምትጠቀሙበት ይመስለኛል።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ክሩ ውፍረት ነው። እኔ ግን ከክሩ በፊት መወሰን ያለበት የሥራው አቅጣጫ ነው እላለሁ። ማሰሪያውን በሁለት መንገድ መሥራት ይቻላል። አንደኛው፣ እንደ ስፋቱ አምስትና ስድስት ዓይን (በኪሮሽ ክሩን እየሳቡ አንድ በአንድ የሚጣሉት የክር ጥልፎች) ብቻ ይዞ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ የሚፈለገው ርዝመት እስኪደርስ ወደ ላይ መውጣት ነው። ሁለተኛው፣ ሙሉ ርዝመቱን የሚያህል ሰንሰለት፣ ማለትም አንዱ ዓይን በሌላው ውስጥ እየተሳበ የሚሠራ የመነሻ መስመር፣ ጀምሮ በላዩ ላይ ጥቂት ረጃጅም ረድፎችን መደርደር ነው። ሲያልቁ ሁለቱ በሩቁ አይለዩም። ሲጎተቱ ግን ልዩነታቸው ይወጣል። በአጫጭር ረድፍ በተሠራው ላይ ኃይሉ ረድፎቹን አንዱን ከሌላው እያራቀ ይስባቸዋል፤ እያንዳንዱ ዓይን ትንሽ ትንሽ ይረዝምና ድምሩ ብዙ ይሆናል። በረጅሙ በተሠራው ላይ ግን የመነሻው ሰንሰለትና ረድፎቹ ራሳቸው በሚጎተቱበት አቅጣጫ ስለተዘረጉ ሸክሙን አብረው ይይዛሉ።

ይህን በዓይኔ ለማየት በአንድ ዓይነት ክርና በአንድ ኪሮሽ ሁለቱንም ሠርቼ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ ሊትር ውሃ የሞላ ጠርሙስ አንጠልጥዬ አሳደርኩ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ከማንኛውም የቁልፍ ዘለላ ይከብዳል። በማግስቱ በአጫጭር ረድፍ የተሠራው በግልጽ ረዝሞ፣ መሐሉም ቀጥኖ ነበር። ረጅሙ ከነበረበት እምብዛም አልተነቃነቀም። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ሸክም ለሚይዝ ነገር፣ ለቦርሳ ማንገቻም ጭምር፣ ሰንሰለቱን በርዝመቱ ነው የምጀምረው።

ስለ ክር፦ ሱፍ ለዚህ አይሆንም፤ ይለጠጣል፣ ሲታሽም ጸጉር ያወጣል። አክሪሊክም ቢሆን ክብደት ሲቆይበት ይረዝማል። የመረጥኩት በኮስቲክ ሶዳ የታከመውን አንጸባራቂ የጥጥ ክር ነው። አሠራሩን እንግሊዛዊው ጆን መርሰር በ1850 እ.ኤ.አ. በፈጠራ መብት አስመዝግቦታል፤ ሶዳው የጥጡን ጭረት ያሳብጠውና ያጠነክረዋል። ጥጥ ሌላም የምወድለት ጠባይ አለው፤ ሲርስ ጥንካሬው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በላብና በዝናብ ለሚውል ነገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የናይለን ገመድ ከጥጥ ይበልጥ ይጠነክራል፣ ጫፉም በእሳት ቀልጦ ይዘጋል፤ ነገር ግን ያንሸራትታል፣ ዓይኖቹም በደንብ ካልጠበቁ ይላቀቃሉ። ለጀማሪ ጥጥን እመክራለሁ።

ኪሮሹ በክሩ መጠቅለያ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ያነሰ ይሁን። ለምሠራበት ክር 3.5 ሚሊሜትር ይመከራል፤ እኔ የያዝኩት 2.5 ነው። እጅ ይደክማል፣ አልክድም፤ የሚወጣው ጨርቅ ግን ጥቅጥቅ ያለና የማይተጣጠፍ ይሆናል። መነሻ ሰንሰለቱን ብቻ በ3 ሚሊሜትር እሠራዋለሁ፤ ሰንሰለቱ ከረድፎቹ ይልቅ ከጠበቀ ማሰሪያው ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል። የመጀመሪያውን ረድፍ ደግሞ በሰንሰለቱ ጀርባ ባሉት ጉብታዎች ውስጥ አስገባዋለሁ። እንዲህ ሲሆን ከታች በኩልም እንደ ላይኛው ጠርዝ ያለ ንጹሕ ጉንጉን ይቀራል።

ዓይኑ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ኪሮሹን አስገብቶ ክሩን መሳብ፣ ከዚያም ክሩን በኪሮሹ ላይ ባሉት ሁለት የክር ጥምዝማዞች ውስጥ በአንድ ጊዜ ማሳለፍ። ከዚህ ረዘም ያሉት ዓይኖች በመካከላቸው ክፍተት ስለሚተዉ ቁልፍ ይገባባቸዋል፣ ይይዛቸዋልም። በእኔ እጅ 10 ሴንቲሜትር ውስጥ 24 ዓይን ይገባል። ስለዚህ ለ34 ሴንቲሜትር ማሰሪያ 82 ዓይን ያስፈልገኛል፤ አምስት ረድፍ ወደ ሁለት ሴንቲሜትር የሚጠጋ ስፋት ይሰጣል። የእናንተ እጅ ከእኔ ይላላ ወይም ይጠብቅ ይሆናልና ቁጥሬን አትውሰዱ፤ ትንሽ ናሙና ሠርታችሁ ቁጠሩ። ረድፎቹ ሲያልቁ በዙሪያው በሙሉ፣ ክሩን በጠርዙና በኪሮሹ ላይ ባለው ዓይን ውስጥ በአንድ ጊዜ እያሳለፍኩ ሰንሰለት የመሰለ ጠርዝ አስተኛበታለሁ። ይህ ጠርዝ የቀረችውን ጥቂት መለጠጥ ይይዛታል።

ርዝመቱን ለመወሰን አውራ ጣትን ወደ መዳፍ አጥፎ የእጅን ሰፊ ቦታ መለካት ነው። ማሰሪያው ያንን ሳይታገል ማሳለፍ አለበት፤ ከዚያ በላይ ያለው ምርጫ ነው። እኔ ሲንጠለጠል 15 ሴንቲሜትር የሚሆነውን እወዳለሁ። ለአንገት የሚሆን ማንጠልጠያ ግን በዚህ መንገድ አትሥሩ። የአንገት ማንጠልጠያ በድንገት ሲያዝ የሚላቀቅ መቆለፊያ ያስፈልገዋል፤ የእኛ ማሰሪያ ደግሞ ጥንካሬው ያለመላቀቁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቦታ እንምጣ፤ ማሰሪያው ብረቱን የሚነካበት። የቁልፍ ማንጠልጠያ ከመሐሉ አይበጠስም፤ የሚያልቀው ቀለበቱ በሚያሽበት ቦታ ነው። በቀጥታ በቀለበቱ ላይ ዓይን እየጣሉ መጀመር ፈጣንና የሚያምር ነው፤ ነገር ግን ሸክሙን የሚይዙት ቀለበቱን የከበቡት ጥቂት የክር ጥምዝማዞች ብቻ ይሆናሉ፣ መታሸቱም በእነሱ ላይ ይወድቃል። እኔ ሙሉውን ጨርቅ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፌ ሁለቱን ጫፎች አገናኝቼ እሰፋቸዋለሁ። መደራረቢያው 3 ሴንቲሜትር ነው። የምሰፋው በወፍራም የፖሊስተር ክር ሲሆን፣ አራት ማዕዘን ዙሪያውን ሄጄ በውስጡ ደግሞ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን መስቀል እሠራለሁ። የሻንጣ ማንገቻችሁን ብታዩ ይኸው ስፌት አለ፤ ኃይሉ በአንድ መስመር ላይ ከመውደቅ ይልቅ በሳጥኑ ሁሉ ላይ ይሰራጫል።

ቀለበቱም ይመረጥ። ክብ ቀለበት ሰፊውን ጨርቅ ወደ መሐል ሰብስቦ ያጨማድደዋል፤ አንድ ወገኑ ቀጥ ያለ ቀለበት ግን ማሰሪያው ተዘርግቶ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። ቁልፎቹ የሚገቡበት ክቡ ቀለበት ከዚያ ላይ ይንጠለጠል። ከማስገባታችሁ በፊት የብረቱን መጋጠሚያ በጣታችሁ ዳስሱት። ሻካራ ጫፍ ካለው በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ እንደዚያ ያለ ጫፍ ክሩን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። የሚያጽናናው ነገር፣ በኪሮሽ የተሠራ ጨርቅ አንድ ዓይኑ ቢበጠስ እንደ ሹራብ እየተተረተረ አይወርድም፤ ቀዳዳው ባለበት ስለሚቆይ ለመጠገን ጊዜ ይሰጣል።

የክሩን ጫፎች ለመደበቅ 15 ሴንቲሜትር ያህል አስቀራለሁ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም እንደገና ወደ ግራ እየመለስኩ በዓይኖቹ ውስጥ አሳልፋቸዋለሁ። ከመስፋቴ በፊት ጨርቁን በለብታ ውሃ አጥቤ፣ በትንሽ ክብደት ወጥሬ አደርቀዋለሁ። የሚያጥረውም የሚረዝመውም ያን ጊዜ ጨርሶ ያሳያል። ቀለሙን በተመለከተ ደማቁን ምረጡ፤ ቦርሳ ውስጥ ሲፈለግ ቶሎ ይታያል።

አሁን በእጄ ላይ ያለው ሌላ ዓይነት ነው፤ የሩማንያ ጉንጉን የሚሉት። ሁለት ሰንሰለት ሠርቶ በመጀመሪያዋ ላይ አንድ አጭር ዓይን መጣል፣ ከዚያ ሥራውን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ እያዞሩ በጎን ከሚታዩት ሁለት ክሮች ሥር ኪሮሹን እያስገቡ አንድ አንድ ዓይን መጨመር ነው። ከእያንዳንዱ ዓይን በኋላ መዞር ስላለበት ይዘገያል፤ የሚወጣው ገመድ ግን ቀጭን፣ ጠጣርና ለመለጠጥ እምቢ የሚል ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ገመዶችን ጎን ለጎን ሰፍቼ አንድ ማሰሪያ ለማድረግ አስቤያለሁ። የመጀመሪያውን ልጨርስ ተቃርቤያለሁ፤ ሁለተኛው እንዳለቀ የውሃ ጠርሙሱ ይንጠለጠልበታል።