የዱብሉቅ ወረፋ

ወረፋ ያንገሸግሸኛል። ሰፈሬ ውሃ ሲጠፋ ጄሪካኖቻችን ሌሊቱን ቦኖው ጋ ተደርድረው ያድራሉ። ሲነጋ ደግሞ «የኔ ቀድሞ ነበር» የሚል ጠብ ይነሳል። አንዴ ጎረቤቴን እስከ ፋሲካ አላናገርኳትም።

የቦረና አርብቶ አደሮች ከብት የሚያጠጡበትን ዱብሉቅን ለማየት ተነሳሁ። የቦረናዋ ከተማ ያቤሎ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ያደርኩበት ክፍል በሩ አይቆለፍም፤ ከደጅ የከባድ መኪና ሞተር ሲያጓራ አደረ። ጠዋት ወደ ዱብሉቅ ስሳፈር ረዳቱ ከሌላው ሰው እጥፍ አስከፈለኝ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት በኦሮምኛ ተቆጡት። ሳያንገራግር 50 ብሬን መለሰልኝ። እግዜር ይስጣቸው።

ዱብሉቅ «ቱላ» ከሚባሉት ከዘጠኙ የቦረና ኤላዎች፣ ማለትም ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች፣ አንዱ ነው። ከብቱ መሬቱን ሰንጥቆ በወረደ ረጅም ቁልቁለት ይገባል። ታች የጭቃ ገንዳ አለ። ከገንዳው በታች ባለው ጉድጓድ ወጣቶች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ። ዜማው ሲፈጥን ባልዲውም ይፈጥናል። መሃል ላይ የቆመው ልጅ ዓይኑ ውስጥ ውሃ ገብቶ ለአፍታ ቆመ። ከሱ በታች ያሉት ሁሉ ባልዲ እንደያዙ ቀሩ፤ ገንዳው ጎደለ፤ ላሞቹ መገፋፋት ጀመሩ።

ሰልፉን ፈለግሁት፤ የለም። መንጋዎቹ ራቅ ብለው ግራር ጥላ ስር ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ወረፋው ቀድሞ አልቋል» አለኝ ያስጎበኘኝ ልጅ።

የኤላው ባለቤት አባ ኮንፊ ይባላል፤ የየቀኑን ተራ የሚያስከብረው ደግሞ አባ ሄሬጋ ነው። በበጋ ከብት የሚጠጣው በሦስት ቀን አንዴ ስለሆነ ሁሉም ቀኑን ያውቃል። በየቀኑ የማይመለስ ከብት ርቆ መጋጥ ይችላል፤ ኤላው ዙሪያ ያለው ሳርም በዚያው ይተርፋል። ውሃ አይሸጥም። ግን ብዙ ከብት ያለው ብዙ ቀጂ ይዞ መምጣት አለበት። መንጋ ያበዛ ጉልበትም ካላበዛ አያጠጣም። አንዱ ደንብ ውሃውንም ሳሩንም መንጋውንም አብሮ ይይዛል። እኛ ሰፈር ሁሌ የምንጮኸው ቦኖ ይጨመርልን ብለን ነው፤ ቀን እንከፋፈል ያለ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ወደ 8 ሰዓት ገደማ አንድ ወጣት ቀኑ ሳይሆን ጥቂት ላሞች እየነዳ መጣ። አዛውንቱ አባ ሄሬጋ ወጣቱ ተናግሮ እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ በዱላቸው ከመጨረሻው መንጋ ኋላ ያለውን ቦታ አሳዩት። ወጣቱ ላሞቹን እዚያ አቁሞ ሸሚዙን አወለቀና ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ባልዲ ተቀበለ።