ማኪያቶውን ማን አዘዘ?

ዛሬ እዚህ ጎንደር ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ አባትና ልጅ አጠገቤ ተቀመጡ። ልጁ አሥራ አምስት ቢሆነው ነው። አስተናጋጇ "ምን ልታዘዝ?" ስትለው አባቱን አየ። አባትየው "ማኪያቶ አምጪለት" አለ። ማኪያቶው ሳይነካ ቀዘቀዘ። አባትየው ክፉ ሰው አይመስልም፤ የልጁን ኮሌታ ሲያስተካክልለት አይቻለሁ።

እኛ ሰፈር እንዲህ ያለው "ጨዋ ልጅ" ይባላል። እኔ አልተዋጠልኝም። ቤቱ ውስጥ መምረጥ ያልለመደ ልጅ፣ ጓደኞቹ "ና እንሂድ" ሲሉት እምቢታውን ከየት ያምጣው?

ዳያና ባውምሪንድ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወላጆችን አስተዳደግ በሦስት ከፍላው ነበር፦ በትእዛዝ ብቻ የሚያሳድግ፣ ዝም ብሎ የሚለቅ፣ ደንብ እያስከበረ ልጁንም የሚያዳምጥ። ከእኩዮቹ ጋር መግባባት የሚቀናው ብዙ ጊዜ የሦስተኛው ልጅ ነው።

መልቀቁም ያው ነው እንግዲህ። ጎረቤታችን "የኔን ልጅ አልቆጣውም" እያለች ትኮራለች። ልጇ ኳስ ሲሸነፍ ኳሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። የሰፈሩ ልጆች አዋጥተው ሌላ ኳስ ገዝተዋል፤ እሱን መጥራትም ትተዋል።