ከወተት ናሙና እስከ ባክቴሪያው ስም፦ የሦስተኛ ወር ማስታወሻዬ

በሦስተኛው ወር የላቦራቶሪ ልምምዴ ከአንድ በሽታ አልወጣሁም፤ እርሱም ማስታይተስ፣ የላም ጡት ብግነት ነው። መጀመሪያ ላይ ከአባ ሰንጋ እስከ አባ ጎርባ የሁሉንም መንስኤ ባንድ ጊዜ ለማጥናት ተጣድፌ ነበርና አንዱም በቅጡ አልያዝ አለኝ። አሁን ከአንዲት ላም ወተት ተነስቼ የባክቴሪያውን ስም እስካገኝ መሄድን መርጫለሁ።

ላሟ ለዓይን ጤነኛ ናት። ጡቷ አላበጠም፣ ወተቷም አልቋጠረም። የአራቱን ጡቶች ወተት በመፈተኛው ሰሌዳ ላይ ለየብቻ አልቤ፣ እኩል መጠን ያለው መፈተኛ ፈሳሽ ጨምሬ ሳሽከረክረው ግን የቀኝ የኋላው ብቻ እንደተመታ አብሽ ተዝለገለገ። ባለቤቷ አጠገቤ ቆመው ነበር። «ልጄ፣ ታዲያ ሌሎቹ ላሞቼስ?» አሉኝ። መልሱ በባክቴሪያው ማንነት ላይ ስለሚመሠረት ጥያቄያቸው እስከ መጨረሻው አልተለየኝም። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ከሆነ በአላቢው እጅና በመጥረጊያው ጨርቅ ከላም ወደ ላም ይዛመታል። ኢ. ኮላይ ከሆነ ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት የበረቱ እበትና ጭቃ ነው።

የጡቱን ጫፍ በ70 በመቶ አልኮል ጠርጌ፣ መጀመሪያ የወጣውን ወተት ደፍቼ ናሙናውን ወሰድኩ። በበግ ደም አጋር (ባክቴሪያ በሚበቅልበት፣ ደም በተቀላቀለበት የረጋ ምግብ) ላይ ዘርቼ በ37 ዲግሪ አሳደርኩት። በማግስቱ ባክቴሪያዎችን በሚይዙት ቀለም የሚለየውን የግራም ቀለም ቀብቼ በማይክሮስኮፕ ሳይ ሐምራዊ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተከማቹ ክብ ሕዋሳት አገኘሁ፤ ስትሬፕቶኮከስ ቢሆኑ እንደ ጨሌ ይደረደሩ ነበር። 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሳደርግበት ወዲያው አረፋ ደፈቀ፤ ይህም ስትሬፕቶኮከስ የሌለው፣ ስታፊሎኮከስ ግን ያለው ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም ምልክት ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ከኮሎኒው ጋር ደም አጋሩን ጭራችሁ ካነሳችሁ፣ ቀይ የደም ሕዋስ ራሱ ካታሌዝ ስላለው አረፋው ያሳስታችኋል።

እኔ የተሳሳትኩት በኮዋጉሌዝ ፈተና ነው፤ ይህ ፈተና ስታፊሎኮከስ ኦሪየስን ፕላዝማን (የደምን ፈሳሽ ክፍል) በማርጋቱ ይለየዋል። ባክቴሪያውን ከጥንቸል ፕላዝማ ጋር በቱቦ ቀላቅዬ ኢንኩቤተር ውስጥ አስገባሁና በ24ኛው ሰዓት አየሁት፤ ፈሳሽ ነው። «ኔጋቲቭ» ብዬ መዘገብኩ። የሚያሠለጥኑኝ ባለሙያ መዝገቡን አይተው «በ4ኛው ሰዓትስ?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። ፈተናውን ደገምኩት። በ4ኛው ሰዓት ቱቦውን ሳዘነብል ፕላዝማው እንደ ረጋ እርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ። በማግስቱ ጠዋት መልሶ ቀልጦ ነበር። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ስታፊሎካይኔዝ የሚባል የረጋውን የሚያሟሟ ኢንዛይም አላቸውና፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያየ ሰው ዋናውን ጠላት፣ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስን፣ ቀለል ካሉት ስታፊሎኮከሶች ጋር ይመድበዋል። ውጤቱ ሳይላክ በመታረሙ እጅግ እፎይ ብያለሁ። ለባለቤቷ የተነገራቸው ያቺ ላም መጨረሻ እንድትታለብ፣ ለእያንዳንዷ ላም የየራሷ ጨርቅ እንዲኖርና ሌሎቹም እንዲመረመሩ ነው።

ከሌሎቹ ላሞች በአንዷ ወተት ውስጥ ካታሌዝ ኔጋቲቭ የሆነ፣ እንደ ሰንሰለት የተደረደረ ባክቴሪያ ተገኘ። ትናንት ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲያን ለመለየት የሚረዳውን የካምፕ ፈተና ሠራሁለት፤ በበግ ደም አጋር ላይ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስን በአንድ መስመር፣ ናሙናውንና የታወቀውን ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲያ ሳይነኩት በአግድም። ዛሬ ጠዋት የታወቀው እንደ ቀስት ጫፍ የጠራ ምልክት ሠርቷል፤ የናሙናው መስመር ግን ምንም አላሳየም። ስለዚህ ነገ ኤስኩሊን የተባለውን ውህድ መሰባበር መቻሉን የሚያሳየውን የኤስኩሊን ፈተና አደርግለታለሁ፤ የምጠረጥረው ይህን ውህድ የሚሰባብረውን ስትሬፕቶኮከስ ዩበሪስን ነው።