ከዛፍ ቅርፊት የተሠራ እጀታ

ካውሃቫ የሄድኩት ቢላዋ ልገዛ ነበር። የተመለስኩት ግን ራሴ የሠራሁትን፣ ትንሽ የተንሻፈፈ ቢላዋ ይዤ ነው።

ከተማዋ ምዕራብ ፊንላንድ ውስጥ ነች። ከሄልሲንኪ በባቡር ተነስቼ፣ ሴይናዮኪ ላይ ቀይሬ ገባሁ። ዙሪያዋ ሜዳ ብቻ ነው፣ ዝናቡም አልለቀቀኝም። በቢላዋ ግን ስሟ የታወቀ ነው። ፊንላንዶች ፑኮ ይሉታል። ኢሳኪ ያርቨንፓ የሚባል አንጥረኛ እ.ኤ.አ. በ1879 የመሠረተው ፋብሪካ የሚታወቀውም፣ እጀታው ጫፍ ላይ የፈረስ ጭንቅላት ባለው ፑኮ ነው።

እኔ ግን ፋብሪካ ሳይሆን፣ ሁለት ሞርሳ (ዕቃ ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ) እና አንድ ምድጃ ያላት ጠባብ ወርክሾፕ ነው የገባሁት። ባለቤቱ ብዙ የማያወሩ ሽማግሌ ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ የሬንዲር ቀንድ አለ፤ ሬንዲር የበረዶ አገር አጋዘን ነው፣ ቀንዱን በየዓመቱ ስለሚጥል ለቀንድ ብሎ መግደል አያስፈልግም። ላዩ ጠንካራ ነው፣ ውስጡ ግን እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ሞረዱን አብዝተህ ከገፋህ አበቃለት። ቪሳ የሚሉት፣ በርች ከተባለው ቅርፊቱ ነጭ ከሆነ ዛፍ የሚገኝ እንጨትም አለ፣ ውስጡ ቡናማ ነበልባል የመሰለ ቅርጽ አለው። በጣም ያምራል። ዓይኔ እሱ ላይ ነበር።

ሽማግሌው ግን የበርች ቅርፊት ክምር ወደ እኔ ገፉት። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ፣ የተጣለ ካርቶን ነው የሚመስለው!

ቅርፊቱ የሚላጠው በፊንላንድ በጋ መግቢያ፣ ዛፉ ውኃ ሲስብ ነው፤ ያኔ በቀላሉ ይለቃል። ላዩ ላይ ያለውን ነጭ ልጣጭ ፍቄ፣ በትንንሽ አራት ማዕዘን ቆርጬ፣ መሀሉን በስቼ ከስለቱ ኋላ በሚወጣው ቀጭን ብረት ላይ አንድ በአንድ ሰካሁ። ቆጥሬ 60 ካለፍኩ በኋላ ተሳከረብኝ። ከዚያ በሞርሳ መጫን፣ መጨረሻው ላይ ጠፍጣፋ የናስ ቁራጭ አስገብቶ የብረቱን ጫፍ በመዶሻ ቀጥቅጦ ማሰር ነው። ሙጫ የሚባል ነገር የለም፣ የሚይዘው ግፊቱ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ቸኮልኩ። ሽማግሌው "ገና ነው" ሲሉኝ፣ "በቃ ጠብቋል" ብዬ ቀጠቀጥኩት። በሞረድ ቅርጽ አስይዤ በብርጭቆ ወረቀት ሳሸው፣ ከናሱ አጠገብ ጥፍር የምታስገባ ክፍተት ብቅ አለች። አዩዋት፣ ምንም አላሉም። ዝምታቸው ከስድብ ባሰብኝ።

ከዚያ ቢላዋውን ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከሩና እርጥቡን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የተወለወለ ቪሳም እንዲሁ ነክረው ሰጡኝ። ቪሳው አንሸራተተኝ። ቅርፊቱ ግን እጄን ያዘው፣ ደግሞም አይቀዘቅዝም፣ ልክ እንደ ቆዳ ለብ ያለ ነው። በልቤ ካርቶን ያልኩትን ዋጥኩት።

አገሩ ላይ ያለ በቂ ምክንያት ቢላዋ ይዞ መንገድ ላይ መዞር ክልክል ስለሆነ፣ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት፣ በአውሮፕላንም ከጭነቱ ጋር ነው የሄደው። ቤት ደርሼ ስፈታው መጀመሪያ ያየሁት ያችኑ ክፍተት ነበር። አሁን እንኳ አውራ ጣቴ እየሄደ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።