ጋሼ እስኪመጡ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የምትርቀው። ለባለሀብት ታመቻለች። ጠዋት ቁርሱን ቤቱ በልቶ ይነሳል፣ ሰንዳፋን፣ ሸኖን፣ ጫጫን አልፎ ፋብሪካው ይደርሳል፣ ማታ ልጆቹ ሳይተኙ ተመልሶ ቤቱ ነው። ታዲያ በየቀኑ አይመጣም። ሥራው ግን በየቀኑ እሱን ይጠብቃል። እዚህ ከተማ ፋብሪካ ወይም ወርክሾፕ የሠራችሁ ሁሉ «ጋሼ ይምጡና እንጠይቃቸው» የምትለዋን ነገር በደንብ ታውቋታላችሁ።

እኔ የምሠራው ማምረቻ ክፍል ውስጥ ነው፣ ከአለቃም ከሠራተኛም መሀል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጅ ባገኘሁ ቁጥር ሰው እንዴት እንደሚያሠራ መጠየቅ እወዳለሁ። አብዛኞቹ ያው ናቸው፦ አርአያ ሁን፣ ሠራተኛህን ስማ፣ ራዕይ ይኑርህ። ማን ይጠላል? ግን የማሽን ኩሽኔታ ሲሰበር ራዕይ አይገጠምም።

ከሁሉም የጠቀመኝ የአንድ ዱቄት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ምክር ነው። ሰውየው ንግግር አይችልበትም፣ ስብሰባም አይወድም። ያደረገው ነገር አንድ ነው፤ የፈረቃ ኃላፊው ለማንም ሳይደውል ሊያወጣ የሚችለውን ብር በጽሑፍ ወሰነ። ከዚያ በታች ከሆነ ይግዛ፣ ደረሰኙን ያምጣ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ያዩታል። «አይሰርቁህም?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ማሽኑ ግማሽ ቀን ሲቆም የምከስረውን ያህል የሚሰርቀኝ ሌባ እስካሁን አልቀጠርኩም» አለ።

ሌላው ቤት ነገሩ ተቃራኒ ነው። ማሽን ከቆመ የሚጠየቀው ሱፐርቫይዘሩ ነው። የማሽን ቺንጋ (ቀበቶ) ልግዛ ካለ ደግሞ የስቶሩ ፊርማ፣ የፋይናንሱ ፊርማ፣ በመጨረሻም የጋሼ ፊርማ ያስፈልጋል፣ ጋሼ ደግሞ ስልካቸው አይነሳም፣ ሲነሳም «ቆይ እስክመጣ» ነው መልሱ፣ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ፀሐይ ይሞቃል፣ ወር ሲያልቅ «ምርት ለምን ቀነሰ?» ተብሎ ስብሰባ ይጠራል። ኃላፊነቱን ሰጥቶ ሥልጣኑን መንፈግ ማለት ይሄ ነው። ለእኔ ከተሳዳቢ አለቃ ይልቅ እንዲህ ያለው ይብሳል። ተሳዳቢውን ቢያንስ ለምደነዋል።

ስለ ማዳመጥም ትንሽ ልበል። የእኛ አገር ሰው ትልቅ ሰው ፊት «አይሆንም» አይልም። «ገባችሁ?» ሲባል ሁሉም «እሺ» ይላል፣ ከዚያ እያንዳንዱ የመሰለውን ይሠራል። አለቃው ደግሞ ተስማምተውኛል ብሎ ወደ አዲስ አበባው ይመለሳል። አንዲት ሥራ አስኪያጅ ይህን ስለምታውቅ በስብሰባ ላይ ምንም አትጠይቅም። ማሽኑ ድረስ ሄዳ ሰውየውን ለብቻው «ነገ ማታ ምን ይጎድልሃል?» ትለዋለች። ይህ ጥያቄ «እሺ» ተብሎ አይታለፍም። አንዱ ጓንት ይላል፣ ሌላው መብራት ይላል። ካይዘን የሚሉት የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴም ከጅምሩ የሚለው ይሄንኑ ነበር። የካይዘን ኢንስቲትዩቱ በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያልን ግድግዳውን በወረቀት ሞላነው፤ ጽዳቱን ወስደን ኦፕሬተሩን መጠየቁን ተውነው።

ደግሞ አንድ የሚያናድደኝ አባባል አለ፦ «እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን።» ብዙ ጊዜ የሚነገረው የኦቨርታይም ሒሳብ ሲነሳ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነገሩን አስቀምጦታል። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የመደበኛው አንድ ተኩል ነው፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 በ1.75 ይባዛል፣ በሳምንት እረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል። ቤተሰብነቱ ይኑር፣ ግን ከዚህ በላይ ይሁን እንጂ በዚህ ምትክ አይሁን። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ብርድ ልብስ በሚመረትበት ከተማ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ እየተንቀጠቀጠ ሲሠራ ማየት ያሳፍራል። ትኩስ ሻይ ያስፈላ አለቃ ስለ ሞቲቬሽን ሥልጠና ባይሰጥም ምንም አይደል።

ለባለቤቶች አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ያቺን የብር ጣሪያ ጻፉልን። ስንት ይሁን ካላችሁ ስቶር ኪፐሩን ጥሩት፣ ባለፈው ዓመት ቶሎ ቶሎ የተበላሹትን ዕቃዎች ከነዋጋቸው ያውጣላችሁ፣ ከመካከላቸው ውዱን ያዙ። ሱፐርቫይዘራችሁ ያን ዕቃ ለማንም ሳይደውል መግዛት ይቻለው። ሞተር ሲቃጠል ያኔ እንደውልላችኋለን።