ሰደርያ በግንቦት

ዛሬ ማታ ልጽፍ የተቀመጥሁት ስለ ወንድሜ ስልክና እልባት ስላጣ አንድ የቤት ጉዳይ ነበር። መብራት ከጠፋ ቆይቷል፤ ማራገቢያው ቆሟል፤ ጠባዬም ከአየሩ ጋር አብሮ ከፍቷል፤ ማንም ሰው ባያናግረኝ የምመርጥበት ምሽት ነው። በስልኬ ብርሃን እስክሪብቶ ስፈልግ የትልቋ ልጄ የትምህርት ቤት መገናኛ ደብተር እጄ ገባ። በቀይ ቀለም እንዲህ ይላል፦ «ተማሪዋ በትምህርት ሰዓት ሰደርያዋን አውልቃ ስለተገኘች ወላጅ መክሮ እንዲልካት፤ አንብበው ይፈርሙ።» ምን ብዬ እንደምመክራት ሳስብ የወንድሜ ነገር ከአእምሮዬ ወጣ።

ሰደርያው ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ደረቱ ላይ የትምህርት ቤቱ አርማ በቢጫ ክር ተጠልፏል። ገልብጬ ጀርባውን ሳየው ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው የሚሄድ ነጭ የጨው መስመር ደርቆበታል፤ ከእርሱ ዝቅ ብሎ ደብዘዝ ያለ ሌላ መስመር አለ፤ እርሱ የትናንቱ መሆን አለበት። የልጅቷም አንገት፣ የላይኛው ቁልፍ የሚያርፍበት ቦታ፣ ላብ ባወጣው ሽፍታ ቀልቷል። ማታ ፓውደር እነሰንስባታለሁ፤ ጠዋት መልሼ እቆልፍባታለሁ።

ደንቡን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሸሚዙ እጅጌው ረጅም ሆኖ እስከ አንገት ይቆለፋል፤ በላዩ ሰደርያ ይደረባል፤ ሰኞ ሰኞ ከረባት ይታሰራል፤ ካልሲው ጉልበት ድረስ ይሳባል፤ ጫማው ጥቁርና ድፍን ነው፤ ሰንደል የሚባል ነገር በበሩ አያልፍም። ይህ ሁሉ የሚሆነው በድሬዳዋ፣ ያውም በግንቦት ነው። በዚህ ወርና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሲደርስ እዚህ ማንም አይደነቅም፤ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ያለው የክፍል ሙቀት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ከቀትር በኋላ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ጋደም ሲል፣ ልጆቹ ሰደርያቸውን እንደለበሱ ስለ ፎቶሲንተሲስ ይማራሉ።

ለዓመታት በልቤ የያዝሁት ማብራሪያ ይህ ሁሉ የደጋ ሰው ያሰበው ነው የሚል ነበር። የትምህርት ቤቱ ዋና ቅርንጫፍ አዲስ አበባ ነው፤ የየቅርንጫፉ ተማሪ አንድ ዓይነት ይልበስ ተብሎ የተወሰነውም እዚያው ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ድሬ ወደ 1,200 ዝቅ ትላለች። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ውሳኔው የተላለፈበት ክፍልና ውሳኔው የሚለበስበት ክፍል መካከል ገና ፀሐይዋ ሳትቆጠር የ7 እና የ8 ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው። በሐምሌ አዲስ አበባ ላይ ሰደርያ ለባሹን የሚያሞቅ በጎ ሐሳብ ነው፤ ያው ሐሳብ በአውቶቡስ ተጭኖ አዋሽን ሲሻገር ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ጨርቁም ቢሆን ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ውስጡ የተሰፋው ምልክት 65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ ይላል። ጥጥ በተለመደ አየር ውስጥ ከክብደቱ 7 ወይም 8 በመቶ የሚሆን እርጥበት በራሱ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ላቡ ወደ ጨርቁ እንደ ልብ አይገባም፤ ብዙው ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ በላዩ ሰደርያው ሲደረብበት ደግሞ ንፋስ አግኝቶ ሊተንና ሰውነትን ሊያቀዘቅዝ መንገድ የለውም። ይህንኑ ቀፊራ ገበያ ላለው ልብስ ሰፊያችን ነግሬው ሸሚዙን እንኳ በጥጥ ሰፍቶ ያስመስልልኝ እንደሆነ ብጠይቀው ሳቀብኝ። «አቦ አንቺ ደግሞ! ጥጥ ባደርግልሽ በሁለት ወሩ ቀለሙ ለቀቀ ብለሽ ትመጫለሽ። ካውያም ይፈልጋል። ይሄ ታጥቦ፣ ተራግፎ፣ ይለበሳል» አለኝ። (ይህችን ከተማ ከወደድሁባቸው ነገሮች አንዱ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ማለቷ ነው። አንቱታን ያወለቀ ሕዝብ ከረባትን ማውለቅ እንዴት አቃተው?)

ሰፊው የተናገረው ሐሰት አይደለም። አንድ ዩኒፎርም ብቻ ያለው ልጅ ልብሱ ማታ ታጥቦ ጠዋት መድረቅ አለበት፤ የሚያጥበው እጅ የእናት ወይም የእኅት እጅ ነው፤ ለካውያ የሚሆን ከሰል ገንዘብ ነው፤ መብራቱም የዛሬውን ያህል ነው። ለልጁ ቆዳ የሚመቸው ጨርቅ ለአጣቢዋ ወገብ አይመችም። ይህን ሳስብ ጥቂት ዝም አልሁ። በኋላ ግን ትዝ ሲለኝ ድሬ ላይ ማታ የተሰጣ ጥጥ፣ ጂንስ እንኳ ቢሆን፣ ሌሊቱን ደርቆ ያድራል። ልብስ አልደርቅ ብሎ ሦስት ቀን ቤት ውስጥ የሚሰጣው ሐምሌ ላይ ደጋ ነው። እንግዲህ ጨርቁ የተመረጠበት ምክንያት ራሱ እዚህ የሌለ ችግር ነው።

እዚህ ላይ ማብራሪያዬ ተጠናቀቀ ብዬ ልፈርም ስል የራሴ ልጅነት መጥቶ አፈረሰብኝ። እኔ የተማርሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ከደጋም ደጋ። ኅዳር ላይ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ያድራል። ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ ስንሰለፍ ጣቶቻችን ስለማይታዘዙን መዝሙሩን የምንዘምረው እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከትተን ነበር፤ እርሱም ተከልክሎ «እጅ ወደ ታች!» ይባል ነበር። ዩኒፎርማችን ስስ ካኪ ነው። በላዩ ከቤት የመጣ ሹራብ መደረብ «ከለር መቀላቀል» ተብሎ ያስቀጣል፤ እናቴ በነጠላ ጠቅልላ የላከችኝ ቀን ነጠላው በር ላይ ተወስዶ ማታ ተመለሰልኝ። እዚያ ልጁ እንዳይደርብ ተከለከለ፤ እዚህ ልጁ እንዳያወልቅ ተከለከለ። እንግዲህ ደንቡን ያሰበው የደጋ ሰው ነው ማለቴ ደጋን ማማት ሆነ። ደጋውም ቆላውም አልታሰበም።

ታዲያ የታሰበው ምንድን ነው? የዩኒፎርም ጠላት አይደለሁም፤ ይህ ይመዝገብልኝ። ያ ስስ ካኪ ባይኖር የቤት ልብሴ ማን እንደሆንሁ በየጠዋቱ ለክፍሉ ሁሉ ይናገር ነበር። ነገር ግን እኩል ለማድረግ አንድ ዓይነት መሆን ይበቃል። እጅጌው ያጠረ፣ አንገቱ የተከፈተ፣ ሰደርያ የሌለው ልብስም ሁሉም ከለበሰው አንድ ዓይነት ነው። ሙቀቱ ራሱ እንደሆነ እኩል አያደርግም፤ በባጃጅ መጥቶ ማራገቢያ ወዳለበት ቤት የሚመለሰውና የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ በእግሩ የሚመጣው አንድ ሰደርያ ለብሰው አንድ ላብ አያልባቸውም።

ባለፈው ሳምንት የዩኒት ሊደሩን ሰፈራችን ካለው ሱቅ በር ላይ አገኘሁት፤ ከቀትር በኋላ ነው፤ በሽርጥና በካናቴራ ተቀምጦ ቀዝቃዛ ውኃ ይጠጣ ነበር። ልብሱን አይቼ ፈገግ ስል ገባውና «ቤት ነዋ!» አለኝ። ስለ ሰደርያው ጠየቅሁት። «መምህር፣ በግንቦትና በሰኔ እንኳ ብትተውላቸው ምን ይጎዳል?» አልሁት። ሳይቆጣ መለሰልኝ፦ «ዛሬ ሰደርያውን ፈቀድሁ እንበል። ነገ ሸሚዙን ከሱሪው ያወጡታል፤ ከነገ ወዲያ በሰንደል ይመጣሉ። ያን ሁሉ ልጅ እኔ በምን ልያዘው?» ያልጠበቅሁት ነገር ልመናው በድምፁ ውስጥ መኖሩ ነበር። በር ላይ የሚቆመው እርሱ ብቻውን ነው፤ የልጆቹ ብዛት ማለቂያ የለውም። ከበር ላይ ሆኖ ልጁ አንብቦ ይሁን፣ ገብቶት ይሁን፣ ቁርስ በልቶ ይሁን ማየት አይቻልም። ሰደርያ ግን ይታያል። ደንቡ የጠነከረው የሚጠቅም ስለሆነ ሳይሆን በዓይን ለመቁጠር የሚመች ስለሆነ ነው ብዬ አሁን አምናለሁ፤ ይህንን ማመኔም ሰውዬውን እንድጠላው አላደረገኝም፤ ምናልባት ብጠላው ይሻለኝ ነበር።

በእንግሊዝ አገር፣ ኤክሰተር በምትባል ከተማ፣ በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ቁምጣ የተከለከሉ ወንዶች ልጆች የሴቶቹን ጉርድ ቀሚስ ለብሰው ትምህርት ቤት ሄደዋል። ደንቡ ቁምጣን እንጂ ጉርድን አይከለክልም ነበርና። ዓለም ሁሉ ሳቀ፤ ርእሰ መምህሯም ቁምጣው ለወደፊቱ እንደሚታሰብበት ተናገሩ። እዚህ ወንዶቹ እንደዚያ ቢያምፁ ሽርጥ ለብሰው ይመጡ ነበር፤ ሽርጥ ደግሞ የዚህ አገር አባቶች ሙቀትን የመለሱበት ልብስ ስለሆነ መንገድ ላይ ዘወር ብሎ የሚያያቸው እንኳ አይገኝም። ሴቶቹም ሽቲ አላቸው፤ ሰፊ፣ ስስ፣ ንፋስ የሚገባው። ከተማው ለሙቀቱ የሚሆነውን ልብስ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ የማያውቀው የትምህርት ቤቱ አጥር ብቻ ነው።

ለአዋቂ ሲሆን እንደሚቻል ደግሞ ጃፓኖች አሳይተዋል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥታቸው የቢሮ ሠራተኛው በሞቃቱ ወራት ኮትና ከረባቱን አውልቆ ማቀዝቀዣው 28 ዲግሪ ላይ እንዲቆም ጠይቋል፤ ሥራው እንደቀጠለ ነው። ሙቀት ትምህርትን እንደሚጎዳም በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎችን ፈተና አገናዝቦ ጽፏል፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ትምህርት ቤት ዓመቱ በ1 ዲግሪ ፋራናይት ሲሞቅ የዓመቱ ትምህርት 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል ይላል። ይህን ለትልቋ ሳነብላት «ታዲያ የሒሳብ ፈተናዬ በሰደርያው ነዋ!» ብላ ተደሰተች፤ ለእናት የማይጠቅም ጥናት ነው።

ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ አለ። የመጪው ዓመት ዩኒፎርምም ከአጀንዳው ውስጥ ተጽፏል። የምናገረውን አዘጋጅቻለሁ፦ ከፍታውን፣ ጨርቁን፣ ሽፍታውን፣ ኤክሰተርን፣ ሁሉንም። ከወላጆቹ የሚሰሙት ጥቂቶች ናቸው፤ አስተዳደሩ ደግሞ ፊት ለፊት ተደርድሮ ይቀመጣል፤ ስለዚህ የሚናገረው ሰው ከበድ ብሎ መታየት አለበት። ይህን እያሰብሁ በጨለማ ቁም ሣጥኑን ስዳብስ እጄ ቀድሞ ያገኘው ጥቁሩን ኮት ነው፤ ያንን ገበር ያለውን፣ ረጅም እጅጌውን። አውጥቼ ማንጠልጠያው ላይ ሰቀልሁት። በሽቲ ቆሜ ብናገርስ ማን ይሰማኛል?